የዘይቱ ማሰሮና የሙት ልጆች ማሳ

የሕፃናት ማሳደጊያዎች ራሳቸውን ስለሚችሉበት መንገድ የቀረበ ትምህርት



በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ የምናገኛት መበለት ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ የጮኸችው ስለ እንጀራ ብቻ አልነበረም። ባሏ ከደቂቀ ነቢያት ወገን የሆነ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነበር፤ ሆኖም ዕዳ ትቶ ሞተ። አበዳሪውም በገንዘቡ ፈንታ ሁለቱን ልጆቿን ባሮች አድርጎ ሊወስድ መጣ። እንግዲህ የዚህ ታሪክ ጭንቀት ልጆች ከቤታቸው ተነጥለው መወሰዳቸው ነው። ዘይቱም የበረከተው ልጆቹ ከእናታቸው ጋር እንዲቀሩ ነው።

ስለ ማሳደጊያዎች ራስን መቻል ስንነጋገር ከዚህ መነሣት ይገባን ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንነሣው ከሌላ ቦታ ነው። በውጭ ሀገር የሚገኝ አንድ የክርስቲያን ማኅበር ለዓመታት ሲልክ የቆየውን እርዳታ መቀጠል እንደማይችል በደብዳቤ ያሳውቃል። ማሳደጊያው ይደነግጣል። ወደ ኮሚሽናችንም ሆነ ወደ አጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የሚመጣው ጥያቄ «ገቢ የሚያስገኝ ፕሮጀክት ስጡን» የሚል ይሆናል። እኛም ላሞች፣ ዶሮዎች፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ የሽንኩርት ዘር ቆጥረን እንሰጣለን። በራያ ቆላ እንዲህ ካደረግንባቸው ጊዜያት አንዱን ዝቅ ብለን እንናገራለን፤ ስሕተቱ የራሳችን ስለ ነበረ መሸሸጉ ለማንም አይጠቅምም።

አስቀድመን ግን ንባቡን እንመልከት። ኤልሳዕ ለሴቲቱ ገንዘብ አልሰጣትም፤ ከአበዳሪውም ጋር አልተከራከረላትም። በቤቷ ውስጥ ምን እንዳላት ነው የጠየቃት። መልሷ የሚጀምረው ምንም እንደሌላት በመናገር ነው፤ ጥቂት ዘይት ያለባት ማሰሮ ትዝ ያለቻት ከዚያ በኋላ ነው። ችግር የከበበው ሰው ያለውን ከቁጥር አያስገባውም፤ ይልቁንም ሊረዳው የመጣ ሰው በፊቱ ሲቆም የጎደለውን መዘርዘር ይቀናዋል። በፕሮጀክት መጠየቂያ ቅጾቻችን ላይ የምናየውም ይኸው ነው። የጎደለው ሦስት ገጽ ይሞላል፤ ያለው ሁለት መስመር አይሆንም። ቅጹን ያዘጋጀነው እኛ መሆናችንን አንክድም፤ ያለውን ለሚጽፍ ሰው ሰፊ ቦታ አልተውንለትም።

ቀጥሎ ነቢዩ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ዕቃ እንድትዋስ፣ ያውም ጥቂት ብቻ ይዛ እንዳትመለስ አዘዛት። ጎረቤቶቿ ዘይት አልሰጧትም፤ ያዋሷት ባዶ ዕቃ ነው። ዘይቱ ግን የቆመው የሚሞላ ዕቃ ባለቀ ጊዜ ነው። የበረከቱ መጠን በተዋሰችው ዕቃ፣ ማለት በጎረቤቶቿ ብዛትና ፈቃደኛነት ተለካ። ልጆቿ ዕቃውን ያቀርቡላት እንደ ነበርም ልብ ማለት ይገባል፤ ከእናታቸው ጋር በር ዘግተው በራሳቸው ቤት ሠሩ እንጂ ለአበዳሪው አልሠሩም። በመጨረሻም ዘይቱን ሸጣ በመጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ነቢዩ ከዚያ በኋላ የዘይቱን ሒሳብ ሊቆጣጠር በቤቷ አልተቀመጠም።

ያለውን መጠየቅ፣ ጎረቤትን መጥራት፣ ዕዳን ማውረድ፣ ከዚያም በተረፈው መኖር፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከመሸጡ ነው።

የሕፃናት ማሳደጊያ በወሎ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከቆቦና ከአላማጣ በላይ በምትገኘው በኮረም የነበረው እልቂት በቢቢሲ ቴሌቪዥን ለዓለም ሲታይ፣ ከውጭ የመጣው እርዳታ ስንዴና ብርድ ልብስ ብቻ አልነበረም። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚሰበስቡ ቤቶችም ተከፈቱ፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ መንግሥትም፣ ሌሎች ማኅበራትም ከፍተዋል። በጊዜው ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ ወላጆቹ በሞቱበት መጠለያ የተገኘን ሕፃን ዘመድህን ፈልግ ተብሎ አይጠየቅም። ችግሩ የጀመረው ረኃቡ ካለፈ በኋላ ነው። ዝናብ መጣ፣ ዘመድ ወደ ቀዬው ተመለሰ፣ ማሳው ታረሰ፤ ልጆቹ ግን በማሳደጊያው ቀሩ።

ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚያ ድርቅ ሙት ልጆች የተመሠረተው የኢየሩሳሌም የሕፃናት ማሳደጊያ ማኅበር ነው። በተለያዩ ከተሞች ማሳደጊያዎችን ሲያስተዳድር ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ልጆችን ወደ ዘመዶቻቸውና ወደ ማኅበረሰቡ መመለስ ጀመረ። ስሙም ተለውጦ የኢየሩሳሌም የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ሆነ፤ «ማሳደጊያ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቶ «ማኅበረሰብ» የሚለው ገባ። ማሳደጊያውን እየተንከባከቡ ከማቆየት ይልቅ ልጁን የሚያሳድገውን ሰፈር ማጠንከር እንደሚሻል ያመነ ድርጅት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚያም የሚቀድም ነው፤ መነሻውም የእኛው የወሎ ምድር ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሲመጡ አካባቢው በድርቅ ተመትቶ ነበር። በሞተች እናቱ አጠገብ ያገኙትን ሕፃን ከሌላ ሙት ልጅ ጋር ይዘው ወደ አዲስ አበባ ቤታቸው ተመለሱ። በዓመቱ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ይህ ትዳራቸውን እስከ ማስከፈል የደረሰ ውሳኔ ነበር። ያን ጊዜ በስተ ጀርባቸው የቆመ የውጭ ማኅበር አልነበረም፤ የነበረው የራሳቸው ሙያና ጉልበት ነው። በኋላ በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ከውጭም ከውስጥም እርዳታ ተቀብሏል፤ ነገር ግን ከልጆቹ ማደሪያ ጎን ለጎን የሙያ ሥልጠናንና ገቢ የሚያስገኙ ሥራዎችን አቋቁሟል፤ በቤተሰባቸው ውስጥ ሆነው የሚረዱ ልጆችንና ችግረኛ እናቶችንም ይዟል። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ሲያርፉ ቤታቸው ከእርሳቸው ጋር አልተዘጋም። ለኮሚቴዎቻችን ሊጠቅም የሚችለው ይህ ነው፤ ከመሥራቹ ዕድሜ በላይ የሚኖር ቤት በአንድ የገቢ ምንጭና በአንድ ሰው ላይ አይቆምም።

የሀገራችን ሕግና መመሪያም ወደዚሁ ያዘነበለ ነው። የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ልጅን ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማገናኘትን፣ በዘመድ ወይም በአደራ ቤተሰብ ማሳደግንና ጉዲፈቻን ያስቀድማል፤ ተቋም የመጨረሻው አማራጭ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ውጭ ሀገር የሚደረግ ጉዲፈቻ በሕግ ቀርቷል። ስለዚህ የሙት ልጅ ተስፋ እዚሁ፣ በእኛው አጥቢያዎች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቆቦ እንውረድ። ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦ፣ በምዕራብ የግዳን ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት የሚያዋስኗት ሜዳ ናት። የሜዳው አፈር ለም ነው፤ የሚጎድለው ዝናብ ነው። በልግ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ክረምትም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ይወጣል። ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ማስገባትን ከአባቶቹ ወርሷል። ከምድር በታችም ውሃ አለ፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶችን አስቆፍሮ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ በመስኖ እንዲመረት ያደረገው በዚሁ ሜዳ ነው። እንግዲህ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ማሳደጊያን ራሱን ለማስቻል ከራያ የተሻለ ቦታ የለም። መሬት አለ፤ ውሃ አለ፤ ዋናው አውራ መንገድም በመካከሉ ያልፋል።

ሒሳቡን ግን እንሥራ። በሴፍቲኔት መለኪያ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታሰባል። 30 ልጆች ያሉበት ቤት በወር አራት ኩንታል ተኩል፣ በዓመት 54 ኩንታል ያስፈልገዋል። በደግ ዘመን ከአንድ ሄክታር 25 ኩንታል ማሽላ ይገኛል ብንል፣ ለእህሉ ብቻ ከሁለት ሄክታር በላይ፣ ማለት ዘጠኝ ጥማድ ያህል መሬት ያሻል። ምርቱ በግማሽ ሲቀንስ መሬቱ እጥፍ መሆን አለበት። አቀንጭራ ባለበት ማሳ ደግሞ በደግ ዘመንም ቢሆን 25 ኩንታል አይታሰብም፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ አካባቢ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ለማውጣት ሲደክም የኖረው በከንቱ አይደለም። ከእህሉ ሌላ ወጥ፣ ልብስ፣ ደብተር፣ ሕክምናና የሞግዚቶች ደመወዝ አለ። በሜዳው ላይ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሄክታርና ከዚያ ባነሰ መሬት ሲኖር፣ አንድ ማሳደጊያ አሥር ጥማድ ይሰጠኝ ቢል ጎረቤቶቹ ምን ይሉ ይሆን? የእነርሱም ልጆች ይበላሉ።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ፤ እኛም ዘግይተን ነው ያስተዋልነው። ማሽላውን የሚያደርቀውና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የሚያበዛው ሰማይ አንድ ነው። በ2008 ዓ.ም. እንደ ነበረው ያለ ድርቅ ሲመጣ የማሳደጊያው እርሻ ባዶ ይሆናል፤ በዚያው ወር በሩን የሚያንኳኩ ልጆች ይበዛሉ። አንበጣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመጣ ጊዜም የማሳደጊያውን ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ ለይቶ አልተወም። ከዚያ የተከተለው ጦርነት ደግሞ የኤሌክትሪክ መሥመሩን ሲያቋርጥ በመብራት ኃይል የሚሳበው የጉድጓድ ውሃ ቆመ፤ በዚያው ዘመን ስንት ልጅ ያለ አባት እንደ ቀረ እናንተ የፍትሐት ጸሎት ያደረሳችሁ አባቶች ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የማሳደጊያው ገቢ በሙሉ ከእርሻ እንዲሆን ማድረግ፣ በከፋው ቀን የሚከዳውን ወዳጅ ብቻ መያዝ ነው።

ቃል የገባነውን እንናገር። በራያ ቆላ ለሚገኝ አንድ ማሳደጊያ የሽንኩርት ልማት አቋቋምንለት። የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛን፤ የመጀመሪያው ምርት መልካም ዋጋ አወጣ፤ በሪፖርታችንም ላይ ፎቶግራፉን በጉልህ አትመን ነበር። በተከታዩ ዓመት የሸለቆው ሽንኩርት ሁሉ በአንድ ሰሞን ደረሰ። አይሱዙ ይዘው የሚመጡት ነጋዴዎች ዋጋውን ሰበሩት፤ ሽንኩርቱን ለማስነሣት የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ከሽያጩ በለጠ። እናቆየው ብንል ማከማቻው ነፋስ የማያገኝ የቆርቆሮ ቤት ስለ ነበረ በቆላው ሙቀት በሰበሰ። ሽንኩርት በደንብ ደርቆ፣ አየር በሚያስገባ የእንጨት ርብራብ ላይ በሥሡ ተዘርግቶ፣ በሣር ጥላ ሥር ቢቀመጥ ወራት ይቆያል፤ ይህን የአካባቢው ገበሬ ሊነግረን ይችል ነበር፤ አልጠየቅነውም። ሞተሩም በጦርነቱ ጊዜ የት እንደ ደረሰ አልታወቀም።

ከኪሳራው ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው። በአረምና በነቀላ ጊዜ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እየቀሩ በማሳው ላይ ይውሉ እንደ ነበር የሰማነው በኋላ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ የሚከፈልበት ገንዘብ ሲጠፋ ቅርብ የነበረው የልጆቹ ጉልበት ነበር። በንባባችን ውስጥ በደጅ የቆመው አበዳሪ የፈለገውም የልጆችን ጉልበት ነው። ቤቱን ራሱን ለማስቻል የሰጠነው ፕሮጀክት ሳናውቀው የአበዳሪውን ሥራ ይሠራ ነበር። ልጅ እንደ ገበሬ ልጅ ሁሉ ከትምህርት በኋላ ፍየል ቢመልስ፣ የጓሮ ጎመን ቢያጠጣ መልካም ነው፤ ያድግበታልም። የቤቱ በጀት በእርሱ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዚህ በኋላ በማንኛውም የገቢ ማስገኛ ዕቅድ ላይ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ልጆቹ በሙሉ ትምህርት ቤት እየዋሉ ሥራው መካሄድ ይችል እንደ ሆነ ነው። የማይችል ከሆነ ዕቅዱ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በእኛ አስተያየት ለአንድ ማሳደጊያ ከሰፊ እርሻ ይልቅ የእህል ወፍጮ፣ በቆቦ ወይም በወልድያ ከተማ የሚከራዩ ጥቂት ክፍሎች፣ ወይም የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤት ይበልጣሉ። ትርፋቸው እንደ ሽንኩርት አያስደንቅም፤ ግን በየወሩ ይመጣል፤ ሰማይንም አይጠብቅም። ወፍጮ ቢሆን በድርቅ ዘመንም የእርዳታ ስንዴ ይፈጭበታል። ከእንስሳት ፍየል ለቆላው ይስማማል፤ የዘመን መለወጫና የፋሲካ ገበያም አለው። የባዕድ ዝርያ ላም ግን መኖዋን፣ ሙቀቱንና በጾም ወራት የወተት ገዢ መጥፋቱን ሳያሰሉ አይጀመርም፤ ከሁለት መቶ ቀን በላይ በምንጾምበት ሀገር የወተት ንግድን ሲያቅዱ ጾምን የሚረሱ ባለሙያዎች አጋጥመውናል፤ ከእነርሱም ውስጥ ዲያቆን ነበረ። እርሻው ደግሞ ይቅር አንልም፤ ለጓሮ አትክልት፣ ለማሽላና ለሽንብራ የሚሆን መጠነኛ ማሳ ይኑር፤ ምርቱ ግን ለገበያ ሳይሆን ለጎተራ ይታሰብ። ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውም ይኸው ነው፤ በጥጋቡ ዘመን አከማቸ እንጂ ጥጋቡን አልሸጠም። የአንድ ዓመት እህል በጎተራው ያለው ማሳደጊያ የሚቀጥለውን ድርቅ በተለየ ፊት ይቀበለዋል።

በሕግ በኩል፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት ተመዝግቦ የሚሠራ ማሳደጊያ በዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ገቢ በሚያስገኝ ሥራ ላይ መሰማራት ይችላል። ትርፉ ለዓላማው እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም፤ ንግዱም እንደ ማንኛውም ንግድ ፈቃድና ግብር አለበት። ይህን አስቀድሞ አለማስተካከል በኋላ ከወፍጮው ትርፍ የሚበልጥ ቅጣት ያመጣልና ይታሰብበት።

እስካሁን የተናገርነው ግን ሁሉ ስለ ቤቱ ነው። ነቢዩ ሴቲቱን የጠየቃትን ጥያቄ ለልጆቹ እንጠይቅላቸው፤ እነርሱስ ምን አላቸው?

በራያ ገጠር የተወለደ ሙት ልጅ ብዙ ጊዜ ከእኛ የሚበልጥ ሀብት አለው። የአባቱና የእናቱ የመሬት ይዞታ አለው። የወላጅ የገጠር መሬት ይዞታ ለልጅ በውርስ እንደሚተላለፍ በክልላችን ዐዋጅ ቁጥር 252/2009 ተደንግጓል። ነገር ግን ልጁ በማሳደጊያ ሲያድግ ማሳውን የሚያርሰው ሌላ ነው፤ አጎት፣ የእንጀራ አባት፣ አንዳንዴም ምንም የማይዛመድ ጎረቤት። አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ መሬት ጦም አይደርም ብለው ነው የገቡት። ዓመታት ሲያልፉ ግን እርሻው ልማድ፣ ልማዱ መብት ይሆናል። አንድ ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት ከማሳደጊያ ሲወጣ የአባቱን ማሳ ፍለጋ ሄዶ፣ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ እርሱ በሥፍራው ስላልነበረ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ እንዳገኘው አይተናል። ማሳደጊያው አሥር ዓመት ሙሉ አብልቶታል፣ አልብሶታል፣ አስተምሮታል። ስለ ማሳው ግን የጠየቀ አልነበረም። ልጁ ዛሬ በሰው ሀገር የቀን ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ የልማት ኮሚቴዎቻችን ከወፍጮውም ከፍየሉም በፊት አንድ መዝገብ ይክፈቱ። በማሳደጊያው ያለ እያንዳንዱ ልጅ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ፣ የወላጆቹ ማሳ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያርሰው፣ የይዞታ ደብተሩ በማን እጅ እንዳለ ይጻፍበት። ከዚያ ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ ደብተሩ በልጁ ስም እንዲሆን፣ ሕጋዊ ሞግዚት እንዲኖረው፣ የሚያርሰውም ሰው በተመዘገበ የኪራይ ወይም የእኩል ውል እንዲያርስ ማድረግ ይቻላል። የልጁ ድርሻ በስሙ በባንክ ይቀመጥ። የአካባቢው ሽማግሌዎች በነገሩ ላይ ካልተቀመጡ ወረቀቱ ብቻውን ጠብ ያመጣልና እነርሱን ማስቀደም ይገባል፤ ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የሙት ልጅን ድንበር ለመመስከር አይሰንፉም።

ሁለተኛው ሀብቱ ሰው ነው። እዚህ ላይ ካህናት አባቶቻችን ከማንኛውም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የበለጠ መረጃ አላችሁ። የሟች ቤተሰብ የንስሐ አባት ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ማን ከማን እንደ ተቀያየመ፣ የትኛዋ አክስት ልጅ አጥታ እንደምትኖር ያውቃል። የአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ደግሞ የልጁን የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ስም ይዟል። ቤተ ክርስቲያናችን ለእያንዳንዱ ልጅ በጥምቀት ቀን ሁለተኛ ወላጅ ሰጥታዋለች፤ በመንፈስ የሚያሳድገው፣ በእግዚአብሔር ፊት ኃላፊነት የተቀበለ ሰው። በማሳደጊያዎቻችን ካሉት ልጆች መካከል ስለ ስንቱ የክርስትና አባቱ ተጠይቋል? እኛ በሠራንባቸው ቦታዎች ይህን የጠየቀ አላገኘንም፤ ዲያቆናት ሆነን ራሳችንም አልጠየቅንም ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ሙት ልጆችን በመከራቸው መጠየቅን የንጹሕ አምልኮ ምልክት ሲያደርገው፣ ማሰባሰብን ሳይሆን መጠየቅን መናገሩን ልብ እንላለን። መጠየቅ ልጁ ያለበት ድረስ መሄድ ነው።

ዘመድ ሁሉ ልጅ ለማሳደግ ይመቻል ማለታችን አይደለም። ልጁን ለጥበቃ ብቻ የሚፈልግ አለ፤ ሴት ልጅን ያለ ዕድሜዋ ለመዳር የሚያስብ አለ፤ ማሳውን ፈልጎ ልጁን የሚወስድም አለ። ስለዚህ ልጁ ከሄደ በኋላ ኮሚቴው በየወሩ ይጎበኘው፤ ትምህርት ቤት መዋሉን ይጠይቅ፤ ልጁንም ለብቻው ያነጋግር። ወደ ዘመድ የማይመለሱ፣ ፈጽሞ ሰው የሌላቸው ልጆችም ይኖራሉ፤ ማሳደጊያው ለእነርሱ ቤት ሆኖ ይቀጥል። ሠላሳው ልጅ አሥር ሲሆን ግን ከላይ የሠራነው ሒሳብ ሌላ ይሆናል። 54 ኩንታሉ 18 ይሆናል፤ ወፍጮውና ሦስቱ የኪራይ ክፍሎች ሊሸፍኑት የሚችሉት ቍጥር ነው። ለሃያዎቹ ቤተሰቦች የሚሰጠው የደብተር፣ የልብስና የሕክምና ድጋፍም ለማደሪያና ለደመወዝ ከሚወጣው ያንሳል።

በውጭ ሀገር ለሚረዱን ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሀገር ወጥተው ለሚኖሩ ምእመናኖቻችንም ጭምር፣ ይህን በግልጽ መጻፍ አለብን። እርዳታው በልጅ ቁጥር ሲሰፈር ማሳደጊያው ልጅን ወደ ዘመዱ በመለሰ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል፤ ሳያስበውም ልጆችን ለማቆየት ይፈተናል። ስለዚህ እርዳታውን የሚያቆሙ ከሆነ በድንገት ሳይሆን በሦስት ዓመት ቀስ እያለ እንዲቀንስ፣ የመጨረሻው ድርሻም ለወር ቀለብ ሳይሆን ለወፍጮውና ለክፍሎቹ ግንባታ እንዲውል፣ የሚቀጥሉ ከሆነም ወደ ቤተሰብ ለተመለሱት ልጆች ጭምር እንዲሆን እንጠይቃቸው። ፎቶግራፍ ይፈልጉ ይሆናል። በአንድ ግቢ የተሰለፉ 30 ልጆች በፎቶግራፍ ያምራሉ፤ በአክስቷ ቤት ማሽላ የምታመስ አንዲት ልጅ ያን ያህል አታምርም ይሆናል። ይህንም ልናስረዳቸው ይገባል፤ የሚረዱንም ከልባቸው ስለሆነ ይረዱታል ብለን እናምናለን።

ባለፈው ዓመት ከሮቢት ገበያ አንድ ገበሬ አነጋግረን ነበር። በአጥቢያው መዝገብ ላይ ስሙን ያገኘነው የአንድ ልጅ የክርስትና አባት ሆኖ ነው። ልጁ በማሳደጊያ አምስት ዓመት ቆይቷል። ሰውዬው ልጁ ከቤተሰቡ ጋር የሞተ መስሎት እንደ ነበረ፣ በየዓመቱም በስሙ ጸበል ጸዲቅ ያወጣ እንደ ነበረ ነገረን። ከዚያ «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። መልስ አልነበረንም። ልጁን በማግስቱ ከአጥቢያው አስተዳዳሪ ጋር ሆኖ መጥቶ አየው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ወደ ቤቱ ወሰደው። የአባቱን ማሳ አሁን በተመዘገበ ውል የሚያርሰው እርሱ ነው፤ የልጁ ድርሻም በስሙ ይቀመጣል።

የማሽላው አጨዳ በኅዳር ወር ነው። ምርቱ ከአውድማ ተነሥቶ ከመከፋፈሉ በፊት መዝገቡን የከፈተ ኮሚቴ የዘንድሮውን የልጆች ድርሻ ይደርስበታል። የመዝገቡን ቅጽ ለሰሜን ወሎ አጥቢያዎች አዘጋጅተናል፤ ያላቸውን የሚጽፉበት ቦታ በዚህ ጊዜ ከፊት ነው።